ገጽ ሰባት ላይ ያለችው «እሷ»

ስምንተኛው ወር 28፣ እሑድ

ከአለቃ ጎንግ ጋር ዛሬም ተጣላሁ። ሽማግሌው አርባ ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤት ከእርሳስ የተቀረጸ ፊደል ሲለቅም የኖረ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ከስንት ሺህ ፊደል መሃል የፈለገውን ያወጣል። «እሷ» የሚለውን አዲሱን ፊደል ሲያይ ግን ፊቱ ሬት የቀመሰ ሰው ፊት ይሆናል።

«ስልሳ ፍሬ ብቻ ነው ያለኝ» አለኝ። «የአንቺ መጽሔት ሁለት መቶ ይፈልጋል። ሲያልቅብኝ የድሮውን አስገባለሁ።»

«የድሮው ‹እሱ› ነው፣ አለቃ።»

«የድሮው ሁሉንም ነው። አባቴም አያቴም በሱ ጻፉ፣ ማን ቅር አለው? ደግሞ በአፍሽ ስትጠሪው ሁለቱም ያው አንድ ድምፅ ነው። ጆሮ ያልለየውን ዓይን ምን አገባው?»

«ጆሮ ስላልለየው ነዋ!»

ሳቀብኝ። ስንት ጊዜ ላስረዳው? አንድ ፊደል አንድ ቃል በሆነበት በእኛ በቻይንኛ ጽሕፈት፣ የድሮው ፊደል በግራ ጎኑ የ«ሰው» ምልክት አለው። በአዲሱ ፊደል በዚያው ቦታ የ«ሴት» ምልክት ገብቷል። ከተፈጠረ ገና አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። የሴቶች ማኅበር አባላት ራሳቸው «ወንዱ ሰው፣ እኛ ሴት ብቻ? ሰውነታችንንም ነጠቅሽን» ብለው ጽፈውብኛል። እኔ ግን በመጽሔቴ በ«መስኮት» ላይ ሦስት ዓመት ስሟገትለት ኖሬአለሁ። መጀመሪያ እንታይ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሱዪን መጣች። እውነተኛ ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ሱዪን ያልኳት እኔ ነኝ። ከሐር ፋብሪካው የሚለቋቸው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ሐሩ የሚነከርበት ሙቅ ውሃ እጇን አንጥቶ አጨማድዶታል። ከገበያ ገዝተን ያሰርንላት የሰው ጸጉር ጉንጉንም ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ነበር። ከሥሩ ያለው የራሷ ጸጉር ገና ከጆሮዋ አላለፈም። ጸጉሯን የቆረጠች ሴት በዚህ ዓመት አብዮተኛ ተብላ እንደምትገደል የማያውቅ የለም።

ወታደሮቹ ከጸደይ ጀምሮ «ድንጋይ ፈላጭ» በሚል የብዕር ስም እነሱን እያወገዘ የሚጽፈውን ሰው ፍለጋ ከተማውን ሲያምሱት ቆይተዋል። ባለፈው ወር ከወንዶች ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን ወስደው፣ ደብድበው ለቀቋቸው። የሚፈልጉት ወንድ ነው። ያ «ወንድ» ዛሬ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህን ኑድል በልታ፣ ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ እንቅልፏን ለጠጠችው።

ዘጠነኛው ወር 1፣ ሐሙስ

የቦዩ ጀልባ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የሻንጋይ ጋዜጣ ዘርግተዋል።

«ይሄ ድንጋይ ፈላጭ የሚሉት ሰውዬ ብዕር አለው እባክህ!» አለ መነጽር ያደረገው።

«እዚሁ እኛ ከተማ ነው ያለው አሉ።»

«ይሄ ነው መጻፍ። ያቺ የ‹መስኮት› መምህርት ደግሞ፣ ማን ነበር ስሟ፣ ፓን። እሷ ስትጽፍ ምራቷን የምታማ አማት ነው የምትመስለኝ።»

ሳቁ። እኔም ጃንጥላዬን እያየሁ ፈገግ አልኩ፣ ምን ላድርግ።

ሱዪንን መጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ጽሑፎቿን ግማሹን እኔ ነኝ ያቃናሁት። ይህን የምጽፈው እንዲያው ለማስታወስ ያህል ነው፣ ከፍቶኝ አይደለም።

ዘጠነኛው ወር 3፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ፣ ክፍል አለኝ። የእርማት ወረቀት ደረሰ። ገጽ ሰባት አንድ የሻንጋይ ሃያሲ ስለ ድንጋይ ፈላጭ ለጻፈው የሰጠሁት መልስ ነው። እኔ «እሷ» ብዬ የጻፍኩትን አለቃ ጎንግ ፊደሉ አልቆበት ከላይ እስከ ታች «እሱ» አድርጎታል። አሥራ አንድ ቦታ! አሥራ አንዱንም በቀይ ቀለም ሰረዝኩ።

«ይሄኛው እንኳ ባይነካስ?» አለኝ። «የምታወሪው ስለ ድንጋይ ፈላጭ ነው። ሰዉ ሁሉ ወንድ ነው እያለ፣ አንቺ ምን አግብቶሽ...»

«አለቃ፣ ሥራዎን ይሥሩ።»

«ፊደሉን ከገጽ ሦስት ላይ ልነቅል ነዋ።»

«ይንቀሉ።»

ነቀለ። የተዛባ ነገር ሳይ እጄ አርፎ አይቀመጥም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ዘጠነኛው ወር 10፣ ቅዳሜ

የጨረቃ በዓል። ፋብሪካው ለግማሽ ቀን ስለለቀቃቸው ሱዪን በጊዜ መጣች። ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ አብቦ ሽታው ቤት ድረስ ገብቷል። የጨረቃ ኬክ ቆርሰን በላን። ከፋብሪካው የያዛት ሳል ትንሽ ቀሎላታል።

«ይሄ ጊዜ ሲያልፍ» አለችኝ አፏ ሞልቶ፣ «መጽሐፌን በገዛ ስሜ አሳትማለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፎቶዬን፣ ከነተቆረጠው ጸጉሬ። የሚያንቀው ይነቀው!»

«መቼ ነው የሚያልፈው?»

«አንቺ ደግሞ! ሲያልፍ ነዋ። ድንጋይ ፈላጭ ሴት ናት ሲባል፣ ያን ቀን ስንት ልጃገረድ ብዕር እንደምታነሳ ገምቺ እስቲ። እኔ የምኖረው ለዚያች ቀን ነው። ሌላውን ለማንም እተዋለሁ።»

ስለ ገጽ ሰባት ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያው ቅጽበት ትን አላት፣ ውሃ ላመጣ ተነሳሁ፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። መጽሔቱ ታትሞ አልቋል፣ ማክሰኞ ይወጣል።

ዘጠነኛው ወር 13፣ ማክሰኞ

ወጣ። ጥሩ ታትሟል።

ከድርሰት ክፍሌ ያንሩ የምትባለው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «መምህርት! ድንጋይ ፈላጭ ሴት ናቸው እንዴ? ገጽ ሰባት ላይ ያለው እኮ...»

«በደንብ ነው ያነበብሽው» አልኳት። ሌላ ምንም ቃል አልወጣኝም። አስመስክራለሁ፣ ሌላ ምንም!

ሳትቀመጥ ከደብተሯ አራት ገጽ አውጥታ ሰጠችኝ። ጠዋት ገጽ ሰባትን ካነበበች ወዲህ የጻፈችው ነው። ስለ እናቷ ነው፣ ጥሩ ነው። ከማንም ተማሪዬ ጽሑፍ የተሻለ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት።

ዘጠነኛው ወር 16፣ ዓርብ

ጠዋት ወታደሮች የተማሪዎቹ ማደሪያ ገቡ። ልጆቹን አሰልፈው ጸጉራቸውን እየጎተቱ አዩ። ባቡር ጣቢያውና ጀልባ ማረፊያው ላይም እንደዚሁ ነው አሉ። ከሴት በቀር የሚጎተት የለም።

ለምን ሴት? እስከ ትናንት ወንድ ሲፈልጉ አልነበር? ማን ነገራቸው?

አለቃ ጎንግ ይሆን? በእኔ ላይ ቂም አለው። ወይስ ያንሩ? ያቺ ልጅ አፏ አያርፍም። ጠዋት ፊቷን አይቼ ሰላምታዋን ሳልመልስ አለፍኩ።

ዘጠነኛው ወር 17፣ ቅዳሜ

ማተሚያ ቤት ሄድኩ። በዚህ እግሬ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ልጅ ሳለሁ እንዳያድግ በጨርቅ የታሰረውን እግሬን ዛሬ ጫማዬ ውስጥ የምጠቀጥቀው ጥጥም ምንም አያግዘውም። በሥራ ሰዓት፣ በሰው ፊት፣ «ለስንት ሸጡን?» አልኩት።

አለቃ ጎንግ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር የእርማት ወረቀቶቹን አውርዶ አንድ በአንድ ገለጠና አንዱን እጄ ላይ አስቀመጠው። ገጽ ሰባት ነው። አሥራ አንድ ቀይ ጭረት፣ በእኔ እጅ።

«እኔ የምለቅመው የተጻፈልኝን ነው» አለ። «አሁን ውጪልኝ፣ ሥራ አለኝ።»

የሁለቱ ምስኪን መምህራን መደብደብ እንዲቆም ብዬ ነው ያደረግኩት።

(ከዚህ በላይ ያለውን አንድ መስመር ልሰርዘው ነበር። ይቆይ፣ ሰርዤ ሰርዤ የት ደረስኩ?)

ዘጠነኛው ወር 18፣ እሑድ

ሱዪን መጣች። መጽሔቱን ስጪኝ አለችኝ። ተሸጦ አለቀ አልኳት። አልጋዬ ሥር ሠላሳ ቅጂ ነበር።

አልነገርኳትም። ጉንጉኗን ብቻ በተጨማሪ ስድስት የጸጉር መርፌ አጥብቄ አሰርኩላት። «ኧረ ራሴን ወጋሽኝ!» ብላ ጮኸች።

ዘጠነኛው ወር 19፣ ሰኞ

የምርመራ ሹሙ ሻምበል ቢያን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። እጅግ የሚያስፈራው ይህ ነው።

«መምህርት ፓን፣ ወታደር ብሆንም ማንበብ እወዳለሁ» አለና መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ጣቱ ገጽ ሰባት ላይ አረፈ። «ይህ አዲሱ ፊደል ነው አይደል? እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ባለቤቴ ናት ያሳየችኝ፣ አንድ እትም አያመልጣትም። ‹ድንጋይ ፈላጭ እኮ የኛ ናት!› ብላ ስትዘል አየኋት።»

«የማተሚያ ስህተት ነው» አልኩት። «ጽሑፎቹ በፖስታ ነው የሚመጡት። ጸሐፊውን አይቼ አላውቅም።»

«አሥራ አንድ ጊዜ ተሳሳቱ?»

«ፊደል ለቃሚው አርጅቷል።»

ይህን ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በዚህ ልኮራ ይሆን?

«ይሁን» አለ ቆቡን እያነሳ። «ስህተት ከሆነ እርማት ይወጣለታል፣ አይቼ አምናለሁ። ካላየሁ ግን ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሐር ፋብሪካዎቹ ውስጥ እገባለሁ። ሦስት ሺህ ሴት አለች ይሉኛል። የእያንዳንዷን ጉንጉን በእጄ እጎትታለሁ። ጊዜ አለኝ።»

ስድስት መርፌ ምን ያደርግላታል?

ዘጠነኛው ወር 20፣ ማክሰኞ

ክፍል አልገባሁም። አመመኝ ብያለሁ።

ደረቅ እርማት ብቻ አይበቃውም። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ድንጋይ ፈላጭ ራሱ መናገር አለበት፣ ራሱ፣ ወንድ ሆኖ።

ሱዪን ፋብሪካው ውስጥ ተቆልፎባታል፣ እስከ እሑድ ልጠይቃት አልችልም። መጽሔቱ ቅዳሜ ካልወጣ ደግሞ ሰኞ ይደርሳል። ስለዚህ ሳልጠይቃት ነው። ከትናንት ወዲያ እዚሁ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ያኔ መጠየቅ እችል ነበር። እችል ነበር!

ጻፍኩት። ተቀምጬ እስክነሳ አንድ ሲኒ ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም። የእሷን አጻጻፍ ከእሷ በላይ አውቀዋለሁ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ቡጢ። እንዲህ ይላል፦

«ባለፈው እትም ‹እሷ› ተብዬ ሳነብ ከባለቤቴ ጋር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጢሜን እየዳበሰች ‹ይህንንስ ምን ልናደርገው ነው?› አለችኝ። ለአዘጋጇ ክፉ አልመኝም። ነገር ግን ድንጋይ የሚፈለጠው በወንድ ክንድ ነው። እህቶቻችን ሊያነቡን ይችላሉ። ይህን ሸክም ተሸከሙ ግን አንበላቸው፣ ትከሻቸው አልተሠራለትም።»

አንድም ቃል አልሰረዝኩም። በዕድሜዬ እንዲህ እየፈሰሰልኝ ጽፌ አላውቅም። የጀልባው መነጽራም ቢያነበው «ይሄ ነው መጻፍ» ይላል።

ዘጠነኛው ወር 21፣ ረቡዕ

አለቃ ጎንግ ደብዳቤውንም እርማቱንም ቆሞ አነበበ። እርማቱ «በፊደል ለቃሚው ቸልተኝነት» ይላል። እዚያ ሲደርስ ቆም አለ።

«አርባ ዓመት» አለኝ። «አርባ ዓመት ሙሉ ስሜ በስህተት ተነስቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ፣ አለቃ።»

«ሰው አለበት? ሕይወት?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ወደ ፊደሎቹ ዞረ። «እንግዲያው ‹ቸልተኝነት› አትበይ። ‹እርጅና› በይው፣ ያምናሉ» አለ።

ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ማሽኑን አስነሳ፣ በጩኸቱ ምንም አይሰማም።

ዘጠነኛው ወር 24፣ ቅዳሜ

ጠዋት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሻምበል ቢያን ከበር ላይ ጮክ ብሎ ጠራኝ። ደስ ብሎታል።

«ባለቤቴን አስነበብኳት!» አለኝ። «‹አላልኩሽም፣ ይህ የወንድ እጅ ነው› አልኳት። መጽሔቱን አጥፋ ወጥ ቤት ገባች። በሉ መምህርት፣ አዲስ ፊደል ለሽማግሌ አትስጡ።»

ከጣቢያውና ከጀልባ ማረፊያው ሴቶችን የሚጎትቱትን ዘበኞች አንስቷቸዋል። እንደገና ወንድ ነው የሚፈልጉት።

ዘጠነኛው ወር 25፣ እሑድ

ሱዪን ስትገባ መጽሔቱ በእጇ ነበር። ጀልባ ማረፊያው ላይ ካለው ሻጭ ገዝታዋለች። እኔ ዘበኞቹ በተነሱበት ወደ ሻንጋይ እንድትሸሽ ሻንጣዋን አዘጋጅቼ፣ ሩዝ ቀቅዬ፣ ዓሳም በዝንጅብል ሠርቼ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ጢም አበቀልሽልኝ» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቢያን፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ ሦስቱ ሺህ ጉንጉን። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«አድነሽኛል» አለችኝ። «አውቃለሁ። ሌላ ማንም በዚህ ፍጥነት አይጽፈውም ነበር። ከእንግዲህ ግን ያ ስም የኔ አይደለም። ስንት ልጃገረድ ይህን አንብባ ብዕሯን አስቀምጣለች? ነገ በገዛ ስሜ ብወጣ እንኳ ‹ይቺ ደግሞ የሰውዬውን ስም ልትሰርቅ ነው› ነው የሚሉኝ።»

«ይረሳል፣ ሱዪን። ጊዜ ሲያልፍ...»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው እትም ገጽ ሰባት ላይ ‹እሷ› ያልሽው ለምንድነው? እኔን እየፈለጉኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ለሴቶች ብዬ ነው።»

«ለሴቶች?»

ፊቴን አየችኝ። ዓሳው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ክዳኑን ልከድን ዞርኩ። ስመለስ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ነበረች። የሻንጋይ ጀልባ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚነሳው። አልሸኘኋትም፣ ሁለት ሴት አብረው ከታዩ ዓይን ይስባሉ አልኳት። እውነቴን ነው።

ዓሳውን ብቻዬን በላሁት።

ዘጠነኛው ወር 29፣ ሐሙስ

ደብዳቤዎች ለ«መስኮት» ይጎርፋሉ። ሠላሳ ሁለት። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ስምንቱ ከወንዶች ናቸው። «በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ ተናገረ!» «እኛማ ጠርጥረን ነበር፣ ሴት እንዲህ አትጽፍም።» አንዱ በግጥም ነው የላከው፣ መጥፎ ግጥም።

ከሴቶች አራት ብቻ። ሦስቱ ምዝገባቸውን ያቋረጡ ናቸው። አራተኛዋ ስሟን አልጻፈችም፣ እንዲህ ብቻ ብላለች፦ «ባለቤቴ ወታደር ነው። ለአሥር ቀን ያህል በቤቴ ቀና ብዬ ሄጄ ነበር።»

የሱዪን ወሬ የለም። አራት ቀን ሆናት። ጀልባው ተፈትሾ ቢሆንስ? ጉንጉኑ ቢወልቅስ? ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ መሃል ላይ ይጠፋኛል፣ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

አሥረኛው ወር 3፣ ሰኞ

ጠዋት ቴሌግራም መጣ። «ሐሩ በደህና ደርሷል።» እንዲህ ተባብለን ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ሌላ የሚቆለፍ በር ትምህርት ቤቱ ውስጥ የለም።

ከምሳ በኋላ ያንሩ መጣች። ዛሬ በሩን አንኳኳች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችም። ጽሑፍ ስጡ ስል ባዶ እጇን ትቀመጣለች።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«እሳቸው...» አለችና አቆመች። በአፍ ሲነገር ያው አንድ ድምፅ ነው፣ ምን እንደምትለኝ ከፊቷ ነው ያነበብኩት። «ድንጋይ ፈላጭ፣ እውነት ወንድ ናቸው? ያ ደብዳቤ የእውነት ነው? ለማንም አልናገርም። እናቴ ትሙት አልናገርም።»

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ሻምበል ቢያን ሌላ ከተማ ሄዷል። ሱዪን ደርሳለች፣ ቴሌግራሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልጅቷ እንደምታወራ አውቃለሁ፣ ባለፈው ጊዜ ለክፍሉ በሙሉ አውርታለች። ለዚህ ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ነው።

«ወንድ ናቸው» አልኳት።

ያንሩ ራሷን ነቀነቀች። ስታለቅስ አየኋት ማለት አልችልም፣ ዓይኗን ብቻ በእጅጌዋ ጠረግ አደረገች።

«እንግዲያው» አለችኝ፣ «እዚህ አገር ሴት ሆና የምትጽፍ እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት ነው።»

እያዘነች ነው ያለችው። የቀረልኝ እርስዎ ብቻ ከሆኑ ምን ተስፋ አለኝ የምትል ነው የምትመስለው። አራቱን ገጽ መልሱልኝ አለችኝ፣ መለስኩላት። አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና እጅ ነስታ ወጣች።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። እንደዚያ ስትለኝ፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ደስ አለኝ።